ደረጃ አምስት ዝገት

ደምመላሽ የመሥሪያ ቤታችን ፎቶ አንሺ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስብሰባ አንስቷል። ስብሰባ ሲከፈት፣ ስብሰባ ሲዘጋ፣ ሪባን ሲቆረጥ፣ ችግኝ ሲተከል፣ አምና ችግኝ በተተከለበት ጉድጓድ ዘንድሮም ችግኝ ሲተከል። የትኛው ኃላፊ በግራ ጎኑ እንደሚያምር፣ የትኛው ሲያጨበጭብ ዓይኑን እንደሚጨፍን በቃሉ ያውቃል። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ውቢት እባላለሁ። የቢሮው ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ማህተም የሚያገኘው በእኔ እጅ ስለሆነ፣ ይህን ታሪክ ከሌላው ሰው ይልቅ እኔ ብናገረው ይሻላል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ግን አልጠራም፤ ገና ጡረታ አልወጣሁም።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። ከአጋሮ አለፍ ብሎ አዲስ የቡና ማጠቢያ ይመረቅ ነበርና ደምመላሽና ነጅላ ተላኩ። ነጅላ የቢሮውን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ትይዛለች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ፈጣን ናት፤ ችግሯም ፍጥነቷ ነው። ሪባኑ ተወጥሯል፣ መቀሱ ትሪ ላይ ተቀምጧል፣ የክብር እንግዳው ግን የሉም። «መንገድ ላይ ናቸው» ተባለ። ከአንድ ሰዓት በኋላም መንገድ ላይ ናቸው። ከሦስት ሰዓት በኋላም እዚያው መንገድ ላይ ናቸው።

ደምመላሽ መቀመጥ ሲሰለቸው ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ጓሮ ዞረ። እዚያ፣ ከቀይ ቡና ልጣጭ ክምር አጠገብ፣ አሮጌው መፈልፈያ ማሽን በጎኑ ተጋድሟል። አጠገቡ ጥበቃው አቶ ሙርሺድ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ይሄ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል» አሉት አቶ ሙርሺድ። «እኔና እሱ በአንድ ሳምንት ነው የተቀጠርነው። እሱ ቀድሞኝ ጡረታ ወጣ።»

ደምመላሽ ጎንበስ ብሎ አየው። አረንጓዴው ቀለም እዚህም እዚያም እንደ ሙጃ ቀርቷል። ዝናቡ የወረደበት መስመር ሁሉ ቡናማ፣ ከሥሩ ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ላይ ደግሞ ወይን ጠጅ ሆኗል። ያልዛገው እጀታው ብቻ ነው፤ የስንት ሰው መዳፍ ሲያሸው ኖሮ አሁንም ያብለጨልጫል። ደምመላሽ ኋላ እንደነገረኝ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ካሜራ ሲያይ ሆዱን ወደ ውስጥ ያልሳበ የመጀመሪያው ነገር ያ ማሽን ነበር። ተንበርክኮ አነሳው፤ ዞሮ አነሳው፤ መሬት ላይ ተኝቶ አነሳው።

«ልጄ፣ አዲሱ በወዲያ በኩል ነው እኮ» አሉት አቶ ሙርሺድ አዝነውለት።

እንግዳው መጡ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ አዲሱም ማሽን ፎቶ ተነሳ። ማታ ዜናው ገጻችን ላይ ወጣ፦ «ዘመናዊው የቡና መፈልፈያ ማሽን አገልግሎት መስጠት ጀመረ»። ከጽሑፉ ሥር ነጅላ ያስቀመጠችው ፎቶ ግን ጓሮ የተጋደመው የአቶ ሙርሺድ ጓደኛ ነበር።

በነጋታው ቢሮ ስንገባ ሰው ጉድ ብሏል። አንዱ «በየትኛው ዘመን ነው ዘመናዊ?» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ሳይመረቅ ዛገ፤ ይሄ ነው ፈጣን እድገት» ብሏል። የቢሮው ኃላፊ ኦቦ ፈየራ ሁለቱንም አስጠሩ። ኦቦ ፈየራ ክፉ ሰው አይደሉም። በዚህ ዓለም የሚፈሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አለቃቸውንና ፌስቡክን። በዚያ ቀን ሁለቱ አንድ ላይ መጡባቸው።

«ሜ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ስልካቸውን ወደ ደምመላሽ አዙረው።

«ዝገት ነው ኦቦ።»

«ዝገት መሆኑንማ አይቻለሁ! እኛ ገጽ ላይ ምን ይሠራል?»

«ወላሂ የእኔ ጥፋት ነው» አለች ነጅላ። «ሁለቱም ፋይል ላይ ‹ማሽን› ነው የሚለው።»

ለደምመላሽ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ወደ እኔ መጣ። ቁጥር ሰጠሁት። ማህተሙን ላሳርፍ ስል ነጅላ በሩጫ ገባች። ሊዮል የሚባል የአዲስ አበባ ጋለሪ አዘጋጅ ፎቶውን ወስዶ በራሱ ገጽ ላይ ለጥፎታል፤ ከላዩም «ጊዜ ራሱ ቀለም የቀባው ሸራ» ብሎ ጽፎበታል። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ወዶታል። ወስዳ ለኦቦ ፈየራ አሳየቻቸው፤ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ይሄ ስድብ ነው ሙገሳ?»

«ሙገሳ ነው ኦቦ፣ ከባድ ሙገሳ።»

«እንግዲያው» አሉ ኦቦ ፈየራ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ፣ «ሆን ብለን ነው የለጠፍነው በያቸው።»

ማስጠንቀቂያው የምስጋና ደብዳቤ ሆነ። ቁጥሩ አንዴ ተመዝግቧልና ልለውጠው አልቻልኩም። በአንድ ቁጥር ማስጠንቀቂያም ምስጋናም የወጣለት የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ደምመላሽ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። «የዝገት ሀብት ልየታና እንክብካቤ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። የካቲት ላይ ኤግዚቢሽን ይዘጋጃል ተባለ። ዕቅድ ወጣ፤ በሩብ ዓመቱ ሃምሳ ዝገት መለየት። ቅጽም ተዘጋጀ፤ ዝገቱ የሚገኝበት ቀበሌ፣ የባለቤቱ ሙሉ ስም፣ ዝገቱ የጀመረበት ዓመተ ምህረት። ደምመላሽ የኮሚቴው ባለሙያ ተብሎ ተሾመ። «የምን ባለሙያ?» ብሎ ቢጠይቅ «የዝገት» አሉት፤ ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም።

ወሬው ጅማ ከተማን ለማዳረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት በሩን በጨው ውኃ ማጠብ ጀመረ። አንድ የብየዳ ቤት ባለቤት፣ ብረታ ብረትህን ከእግረኛ መንገድ ላይ አንሳ ተብሎ ሦስት ጊዜ የተጻፈበት፣ ክምሩ ላይ «ሙዚየም» የሚል ሰሌዳ አቆመበት፤ ያነሳበትም የለም። የእኔ አገር ሰኮሩ ላይ ደግሞ አንድ ሆቴል ቤት የአሮጌ መኪና በር ግድግዳው ላይ ሰቀለ። መንገደኛ ከአውቶብስ እየወረደ፣ ምግቡን ትቶ፣ ከበሩ ጋር ፎቶ ይነሳል።

ደምመላሽ ግን የምሩን ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። ሌላው ሁሉ ሲቀልድ ወይም ሲያተርፍ እሱ ገና ጎህ ሲቀድ ይወጣና ይዞራል። አጥር፣ የውኃ በርሜል፣ የተዘጋ ሱቅ ቁልፍ፣ ፊደሉ የተበላ የመንገድ ሰሌዳ። መዝገብ ቤት መጥቶ ያሳየኛል። «ተመልከቺ ውቢት፣ ዝገት ጠዋት ሌላ ነው፣ ከዝናብ በኋላ ሌላ ነው» ይለኛል። ሰው እንዲህ ሲያወራ ያየሁት እጮኛ ሲይዝ ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ፊቱ ላይ አዲስ ነገር መጣ። እውነቱን ለመናገር ፎቶዎቹን ሳይ እኔም ከቢሮ ስወጣ ዓይኔ በሮችን መፈለግ ጀመረ። ስንት ዓመት ያለፍኩበት የወፍጮ ቤት በር፣ ሲመሽበት እንደ በሰለ ብርቱካን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ከሁሉም የላቀውን ፎቶ ያነሳው ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። በግንባታ ላይ ያለ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ አንድ ጣሪያ አየ። ሙሉ በሙሉ የዛገ፣ ግን ሁሉም ቆርቆሮ በየራሱ ቀለም የዛገ። አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ከመሳሳቱ የተነሳ ዳንቴል የመሰለ። ተሸንቁሮ በዘይት ቆርቆሮ የተደፈነበት ቦታ ላይ የዘይቱ ስም ፊደላት ገና ይነበባሉ። የጠዋት ፀሐይ በጎን መታው። ደምመላሽ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል፤ ሦስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩት የቲቸር የኔነሽ ቤት ነው። አነሳውና «ጠዋት በጊንጆ» ብሎ ሰየመው።

የካቲት ላይ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። «ጠዋት በጊንጆ» ባነሩ ላይም፣ መጥሪያው ላይም፣ የውኃ ፕላስቲኩ ላይም ታትሟል። ኦቦ ፈየራ ንግግር አደረጉ። «ሌላ ቦታ የሚዝገው ዝም ብሎ ነው» አሉ፣ «እኛ ጋ ግን በዕቅድ ነው!» ተጨበጨበ። ሊዮል ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ በነጠላ ጫማ የመጣ፣ ፀጉሩን ከኋላው ያሰረ፣ ረጋ ያለ ልጅ። የጣሪያው ፎቶ ፊት ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ጣሪያ መነካት የለበትም» አለ።

ሰው ሲያደንቅ እንደሚለው ነው ያለው። ኦቦ ፈየራ ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። «ለወይዘሮ የኔነሽ፤ ጉዳዩ፦ የጣሪያዎን ዝገት ስለመጠበቅ። በስምዎ የሚታወቀው ጣሪያ የከተማው የጋራ ሀብት ሆኖ የተመዘገበ ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ ክዳን መቀየርም ሆነ ቀለም መቀባት ወይም ሚስማር መጨመር የተከለከለ መሆኑን እየገለጽን፣ ዝገቱ እስካሁን ላሳየው እድገት እናመሰግናለን።» ቁጥር ሰጠሁት፣ ማህተም መታሁበት። ሥራዬ ነው፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

እኛ ያላወቅነው ነገር ነበር። የቲቸር ልጅ ሩት፣ ሐዋሳ የምትሠራው፣ ለእናቷ አርባ አዲስ ቆርቆሮ ልካለች። ቆርቆሮው ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሊል የሚባለው አናጢ መሰላሉን ተሸክሞ ሲመጣ የቀበሌ ሰው በር ላይ ደብዳቤውን አሳየው። ከሊል ማንበብ አይወድም፤ መሰላሉን እዚያው አስደግፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

መጋቢት ገባና ዝናቡ ጀመረ። አንድ ከሰዓት ደምመላሽ መዝገብ ቤት መጣ። ፊቱ ልክ አይደለም።

«ቲቸር አስጠርተውኛል። ብቻዬን አልሄድም። ደብዳቤውን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ነይ አብረን እንሂድ።»

ሄድን። እየዘነበ ነበር። ቲቸር የኔነሽ በሩን ከፈቱልን። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት፤ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ቤቱ ውስጥ ሰባት ሳፋ፣ ሁለት ባልዲና አንድ ድስት ወለሉ ላይ ተደርድሯል። ሁሉም በየራሱ ድምፅ ይንጠባጠባል። አልጋቸው መኻል ቤት ቆሟል፤ ደረቁ ቦታ እሱ ብቻ ነው።

«ተቀመጡ» አሉን። «አንተ እዚያ አይደለም፣ እዚያ ያንጠባጥባል። እዚያም ያንጠባጥባል። ቁም ግዴለም።»

ቆመ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ነበር።

«ደምመላሽ፣ የቤቴን ፎቶ አየሁት። ውኃ ስገዛ ፕላስቲኩ ላይ አየሁት። ቆንጆ ነው።»

«አመሰግናለሁ ቲቸር።»

«አልጨረስኩም። ከላይ ነው ያነሳኸው። እስቲ አሁን ከታች አንሳው።»

«ቲቸር፣ እኔ ደብዳቤውን አል...»

«አንሳው አልኩህ።»

ካሜራውን ከጃኬቱ ሥር አወጣ። ወደ ላይ አቀና። ዝናቡ ለጥቂት ደቂቃ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብልጭ አለች፤ ኮርኒስ የሌለው ጣሪያ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ በሩ። መቶ ይሁኑ ሁለት መቶ አላውቅም፤ ትናንሽ ብርሃን። ከየቀዳዳው ቀጭን ጨረር እየወረደ ሳፋዎቹ ውስጥ ያለው ውኃ ላይ ያርፋል። ደምመላሽ ካሜራውን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። አንድም ፎቶ ሳያነሳ መልሶ አወረደው።

«ምነው?» አሉት።

«ያምራል ቲቸር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ይሄም ያምራል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቲቸር ቀና ብለው አዩ። እኔም አየሁ። ያምር ነበር። ቲቸር «ማማሩን እኔም አውቃለሁ» አሉ። «እዚህ አልጋ ላይ ሆኜ ሳየው ነው የኖርኩት። ግን ብርዱ አጥንቴ ገብቷል።»

በነጋታው ደምመላሽ ኦቦ ፈየራ ዘንድ ገባ። እኔም ፋይል ያዥ ተብዬ አብሬ ገባሁ። የሰባቱን ሳፋ ነገር፣ የአልጋውን ነገር ሁሉ ነገራቸው። ኦቦ ፈየራ አዘኑ፤ ከልባቸው አዘኑ። ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ኮሚቴው ለሁለት ሰዓት ተወያይቶ ለቲቸር አንድ ጃንጥላ እንዲገዛላቸው ወሰነ።

«ኦቦ፣ ጃንጥላ ቤት ውስጥ?» አለ ደምመላሽ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? በደብዳቤ ከልክለናል። ለበላይም ሪፖርት ተደርጓል፤ ‹አንድ የዝገት ጣሪያ ከጥፋት ታድገናል› ብለናል። አሁን ተነስቼ አፍርሱት ልበል?»

«የተከለከለ ነገር አይፈቀድም?»

ኦቦ ፈየራ በሩ መዘጋቱን አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚፈቀደው ባለሙያው ‹ለሀብትነት አይበቃም› ብሎ ከጻፈ ነው። ባለሙያው ደግሞ አንተ ነህ። እኔ ምንም አላልኩም። ቶሌ?»

«ቶሌ» አለ ደምመላሽ፤ እሺ ማለቱ ነው።

ደምመላሽ ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ሪፖርት ጻፈ። በሕይወቱ ከፎቶ ሥር አንድ መስመር እንጂ ገጽ ሙሉ ጽፎ አያውቅም። የቡና ጥራት መመርመሪያ ቅጽ ለምኖ አመጣና በዚያ ልክ ሠራው፤ ቀለም፣ ቅርጽ፣ ሽታ፣ እንከን። «ዝገቱ ወጥነት የጎደለው፣ ጥልቀቱ ያልበሰለ፣ በዘይት ቆርቆሮ የተበረዘ፣ ሽታውም ተራ የብረት ሽታ ነው» ብሎ ጻፈ። መደምደሚያው ላይ «ደረጃ አምስት» አለ። በዓይኑ ካያቸው ነገሮች ሁሉ በልጦ ያመረውን ጣሪያ እንዲህ ብሎ ሲሰድብ እየሰረዘ እየደገመ እንደጻፈው እኔ ምስክር ነኝ።

ውሳኔው ግን የቤቱ ባለቤትና ጎረቤት ባሉበት መነበብ አለበት ተባለ፤ መመሪያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቲቸር ግቢ ተሰበሰብን። ሁለት የኮሚቴ አባል፣ አንድ የቀበሌ ተወካይ፣ ነጅላ ስልኳን ይዛ፣ ከሊል መሰላሉን ሊወስድ መጥቶ፣ ጎረቤቶቹም በአጥር ላይ። ከጎረቤቶቹ ዋናዋ ወይዘሮ ከውሰር ናቸው፤ ከቲቸር ጋር ሠላሳ ዓመት በፍቅርና በፉክክር የኖሩ፣ የበራቸውም ዝገት በዚያው ቅጽ ደረጃ የወጣለት። ሪፖርቱን እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አነበብኩ። ቲቸር እጃቸውን አጣምረው ሰሙኝ።

«ስለዚህ ስንት አገኘሁ?» አሉ።

«አምስት» አልኩ።

«ከስንት?»

«ከአምስት።»

ፊታቸው በራ። «ከአምስት አምስት!» ብለው ወደ አጥሩ ዞሩ።

«አይደለም ቲቸር» አልኩ። «አምስት የመጨረሻው ነው። ጥሩው አንድ ነው።»

ቲቸር የኔነሽ ወደ ደምመላሽ ቀስ ብለው ዞሩ።

«የከውሰር በር ስንት ነው ያገኘው?»

ደምመላሽ መሬት መሬቱን አየ። «ሁለት» አለ።

«ሁለት! ያ አምና የተገጠመው በር?»

«አይዞዎት ቲቸር» አሉ ወይዘሮ ከውሰር ከአጥሩ ማዶ፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «ኢንሻአላህ ለሚቀጥለው ያሻሽላሉ።»

«እኔ» አሉ ቲቸር፣ ድምፃቸው እንደ ክፍል ውስጥ ድምፅ ከፍ እያለ፣ «እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ለሰው ልጅ ውጤት ስሰጥ ኖሬ፣ አንተ፣ ማባዛትን በዱላ ያስተማርኩህ ልጅ፣ የእኔን ቤት ጣልከው? ሽታው ተራ ነው? አሽትተኸዋል? ባለቤቴ በሕይወት እያለ የከደነው ነው! አንድም ቀን ሳይሰነፍ ነው የዛገው! ይግባኝ እላለሁ!»

«ይግባኝ ይቻላል» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል ቅጹን እያገላበጠ። «ቅሬታ ሰሚ አለ። ስድስት ወር ይፈጃል።»

ደምመላሽ ደነገጠ። ተጠግቶ ቆመና በሹክሹክታ፣ እኔ ግን በሰማሁት ድምፅ፣ «ቲቸር፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ ይውደቁልኝ» አለ።

«ምን?»

«ካለፉ ጣሪያው እንዳለ ይቀራል። ከወደቁ ይነሳል። ይውደቁልኝ።»

ቲቸር ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን አርባ ቆርቆሮዎች አዩ። ወደ ሰማይ አዩ፤ ከቦሳ ሰፈር በኩል ጠቁሯል። ከዚያ ወይዘሮ ከውሰርን አዩ፤ ይህ ነው ከሁሉ የከበዳቸው። የገባቸው ግን ያኔ ነው።

«ተፈትኜ ወድቄ አላውቅም» አሉት በዚያው ሹክሹክታ።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ወረቀቱን አምጪ» አሉኝ ጮክ ብለው። ፈረሙ። ፊርማቸው እንደ ጥቁር ሰሌዳ ጽሑፍ የተስተካከለ ነው። «ውጤቱን ተቀብያለሁ። ፈታኙ ግን ሰነፍ ነው። ይጻፍልኝ።»

ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ አለ።

ከሊል ወዲያው መሰላሉን አቆመ። ሁለት ቀን ፈጀበት። ሊዮል ከነጅላ ሰምቶ ደወለ፤ የድሮው ጣሪያ ወዴት ይሄዳል አለ። ቲቸር ቆራሌው ሊወስደው ነው ብለው አስነገሩት። በሦስተኛው ቀን አይሱዙ ላከና ቆርቆሮውን አንድ በአንድ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አስጫነው። ቲቸር ሲያዩት ሳቃቸው መጣ። «እንግዲያው ሳፋውንም ይውሰደው፤ ያለ ሳፋ ሙሉ አይደለም» አሉ። ቀልዳቸውን ነበር። ሊዮል ግን አንዱን ሳፋ አስወሰደው። አሁን ጣሪያው አዲስ አበባ ነጭ ክፍል ውስጥ በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ ሳፋው ከሥሩ ተቀምጧል፤ ሰዎች በጸጥታ ይዞሩታል ብላ ነጅላ አሳየችኝ። አንዲት ሴት አልቅሳለች አሉ።

የጣሪያው ስም ሲገን የበላይ አካል ኦቦ ፈየራን ጠየቀ፤ ደረጃ አምስት የተባለ ነገር እንዴት አገር አለቀሰበት? ኦቦ ፈየራ ደምመላሽን ጠየቁ። ደምመላሽ «ተሳስቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ መለሰ። የዝገት ባለሙያነቱ ተነሳ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ የዚህኛውን ቁጥር ለብቻው ሰጠሁት። ፈርሞ ሲወስድ እንዲያው የሠርግ መጥሪያ የተቀበለ ነው የሚመስለው። ኦቦ ፈየራም ብዙ አልቆዩም፤ ወደ ሌላ ዘርፍ ተዛወሩ። ኮሚቴው አልፈረሰም። አሁን «የሻጋታ» ይሁን «የፍርስራሽ» ሊባል ስሙ ላይ እየተወያየ ነው።

ሐምሌ ላይ ቲቸር ሁለታችንን ለቅዳሜ ምሳ ጠሩን። ቤቱ ሞቋል። አልጋው ወደ ጥጉ ተመልሷል፤ በአልጋው ቦታ ጠረጴዛ ገብቷል። ጎመንና አይብ ቀርቦ መብላት እንደጀመርን ዝናቡ መጣ። የጅማ የሐምሌ ዝናብ ነው፤ አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቤቱ ውስጥ እንደ ሺህ ከበሮ ሆነ። ቲቸር ቀና ብለው አዩ፣ ወደ ደምመላሽ ዞሩ፣ አንድ ነገር አሉት። ረዘም ያለ ነገር ነው። ጣታቸውንም አነሱበት፤ ፊታቸው ግን የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም።

ደምመላሽ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ «አልሰማሁም ቲቸር!» አለ።

ደገሙት። እኔም አልሰማሁም። ቲቸር ተስፋ ቆርጠው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርገው፣ ብላ ብለው በእጃቸው አሳዩት።